ከእሷ ቀድሞ የሚደነግጥ እጀታ

እትዬ ከድጃ ሞተች።

ወሬውን ሰመራ ድረስ ያመጣው ከአዋሽ ሽንኩርት ጭኖ የመጣ ሾፌር ነው። እማዬ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ መኪናውን አቁሞ፣ «ቲቸር፣ ያቺ ባለመጋዟ ጎረቤታችሁ አረፈች እኮ» አላት። እማዬ ቤት ስትገባ ፊቷን አይቼ የሆነ ነገር እንዳለ ገባኝ። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ነገረችኝ።

«መጋዙ ነው?» አልኳት።

«አይደለም።»

«መሬቱ ነው? ቤት ወደቀባት?»

«አይ ረድኤት። ወባ ነው። አልጋዋ ላይ እንደተኛች።»

ሳቅ መጣብኝ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ የመጣው ሳቅ ነው፤ ለቅሶው እሱን ተከትሎ መጣ። ምክንያቱም እንደ እትዬ ከድጃ የሚፈራ ሰው አይቼ አላውቅም። ጅብ ትፈራለች። እባብ ትፈራለች። የጅቡቲን መንገድ ለመሻገር ከባድ መኪናው ጠቅልሎ ከዓይን እስኪጠፋ ትጠብቃለች። መሰላል፣ ነጎድጓድ፣ መርፌ፣ የጉድጓድ አፍ፣ የማታውቀው ስልክ ቁጥር፤ ሁሉም ያስፈራታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የምትተዳደርበትን የገዛ መጋዟን ትፈራለች። ትንኝ ግን አትፈራም ነበር። የጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት አጎበር ሲያድሉ የደረሳትን ወስዳ መጋዙን አለበሰችው፤ «አቧራ እንዳይገባበት» ብላ። እሷ ያለ አጎበር ተኛች፣ መጋዙ ባጎበር ተኛ። የፈራቻቸው ሁሉ ሳይነኳት ንቃ የተወችው ገደላት።

እማዬ ወደ ሰመራ ከመዛወሯ በፊት የኖርነው አዋሽ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ቤት ነበር፤ ከፊት እኛ፣ ከኋላ፣ ከትልቋ ኒም ዛፍ አጠገብ እትዬ ከድጃ። ከወሎ ከባሏ ከመሀመድ ጋር ጥጥ ለቀማ መጥታ በዚያው የቀረች ሴት ናት። የጥጡ ወራት ሲያልቅ መሀመድ አዋሽ አርባ በኩል ፕሮሶፒስ የመመንጠር ሥራ አገኘ። ፕሮሶፒስን ለማያውቅ ልንገረው፦ እሾሃም ዛፍ ነው፤ አንዴ መሬት ከያዘ ሥሩ ሣር አይበቅልም፣ በመሃሉ ፍየል አያልፍም፣ ቆርጠውት ፊታቸውን ሲያዞሩ ከኋላቸው ይበቅላል። በገጀራ አይቻልም። የሞተር መጋዝ ይፈልጋል።

የሞተር መጋዝ ደግሞ ቁልፍ የለውም። የሚነሳው በገመድ ነው። ከጎኑ አንድ እጀታ አለ፤ እጀታው ላይ ገመድ ታስሯል፤ ገመዱ ወደ ሆዱ ገብቶ እዚያ ተጠቅልሏል። ሲጎትቱት ሞተሩን ያዞርና ተመልሶ ይገባል። ይሄ እንግዲህ መጋዙ ደስ ባለው ቀን ነው። ደስ ባላለው ቀን ሞተሩ ወደ ኋላ ይራገጣል፤ ገመዱን ከነእጅ ይዞ ሊገባ ይፈልጋል። አህያ እንኳ ከመራገጧ በፊት ጆሮዋን ታጥፋለች። መጋዝ ምንም ምልክት አይሰጥም።

መሀመድ ላይ የደረሰው ይሄ ነው። አንድ ቀን ጫካ ውስጥ እጀታው ተሰበረበት። ሌላ እጀታ ፍለጋ ከተማ መመለስ ታከተውና ባዶውን ገመድ እጁ ላይ ጠምጥሞ ጎተተ። ሞተሩ ተራገጠ። የእጁ አንጓ ዞረ። ወጌሻ አሸው፤ ግን ጠሞ ቀረ፣ ጣቶቹም መጨበጥ እምቢ አሉ። «ሽጪው» አላት፣ መጋዙን። አልሸጠችም። እሱ «እጄን ሲሻለኝ እመለሳለሁ» ብሎ ወደ ወሎ ሄደ፤ እዚያው ቀረ።

«መሀመድ ጀግና ነበር» ትለኛለች፣ ነገሩን ባነሳች ቁጥር። «ጀግና ይሄዳል፣ አይመለስም። የሚመለስ ፈሪ ነው። ፈሪ ለእናቱ ሲባል አልሰማሽም እቱ?»

እቱ ትለኝ ነበር። በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

ባሏ ሲሄድ መጋዙን እሷ ያዘች። በአዋሽም ሆነ በአዋሽ አርባ የሞተር መጋዝ የያዘች ሴት አልነበረችም። ሥራ ከመሄዷ በፊት ጠዋት ግቢው ውስጥ አስነስታ ትሞክረዋለች፤ ጫካ ከደረሰች በኋላ እምቢ እንዳይላት። እኔ ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ በር ላይ እቆማለሁ። አጎበሩን ትገልጣለች። መጋዙን መሬት ታስቀምጥና ቀኝ እግሯን የኋላው መያዣ ውስጥ ትከታለች፣ በግራ እጇ ከላይ ትጫነዋለች፣ ሻሿን ታጠብቃለች። «ቢስሚላህ» ትላለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለመጋዙ «ፈርቼሃለሁ» ትለዋለች።

በየቀኑ። አንድም ቀን ሳትዘል።

ከግቢያችን ፊት ለፊት ጎማ የሚለጥፍ ቢኒያም የሚባል ጎሚስታ ነበር። ይቺን ሰዓት ጠብቆ አጥሩ ላይ ይንጠላጠላል።

«እትዬ ከድጃ፣ መጋዝ ነው ወይስ አንበሳ ነው የያዝሽው?»

«አንበሳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አንበሳ ጠግቦ ይተኛል።»

«ከፈራሽው ታዲያ ለኔ ስጪኝ! አንድ ሳምንት ብቻ።»

«ላንተ? አንተ ምን ፈርተህ ታውቃለህ?»

«ምንም!»

«ምንም ላልፈራ ሰው መጋዝ አይሰጥም። ሂድ ጎማህን ንፋ።»

መንገደኛው ሁሉ ይስቃል። እሷም ትስቃለች። ያልሳቀ አንድ ሰው ሁመድ ብቻ ነው። ሁመድ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር፣ ፍየልና ግመል ያለው አፋር ነው፤ ከአፉ መፋቂያ ተለይቶ አያውቅም፣ ሲያወራም በመፋቂያው ጎን ነው የሚያወራው። ፕሮሶፒሱ የፍየሎቹን ጥርስ አበላሽቶበት ስለነበር እየመጣ ይወስዳታል። እሷ እባብ ስለምትፈራ ፊት ፊት እየሄደ ቁጥቋጦውን በዱላው ይመታላታል። ቢኒያም አንድ ጊዜ «ሁመድ፣ ይቺን ፈሪ ይዘህ የት ትሄዳለህ?» ሲለው መፋቂያውን ከአፉ አወጣ፤ ትልቅ ነገር ሊናገር ሲል ብቻ ነው የሚያወጣው።

«እኔ ግመሌን የማስጠብቀው በሚፈራት ልጅ ነው» አለ። «የማይፈራት ይመታታል። የተመታች ግመል ደግሞ ቀን ትጠብቃለች።»

ከዚያ መፋቂያውን መለሰ፤ ወሬው በዚያ አበቃ።

አሁን እጀታውን ልንገራችሁ። እትዬ ከድጃ አንድ ቀን ሠርግ እንዳለባት ሴት ፊቷ እያበራ መጣች። የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ለምና፣ ስንት ጊዜ «ረሳሁት» እየተባለች፣ በመጨረሻ ያስመጣችው አዲስ እጀታ በእጇ ነበር። ሲያዩት ተራ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ውስጡ ግን ጥቅልል የሽቦ ሞላ አለው። ገመዱ የታሰረው ሞላው ላይ ነው፤ ሞተሩ ሲራገጥ ምቱን መጀመሪያ የሚቀበለው ሞላው ይሆናል፣ ጭምቅ ብሎ ይውጠዋል፣ ለእጅ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ገመዱን ይዤ እንድስበው አደረገችኝ፤ እጀታው ውስጥ የሆነ ነገር ሲሸማቀቅ ታወቀኝ።

«አየሽ እቱ? ይሄ እጀታ ከኔ የባሰ ፈሪ ነው። ከኔ ቀድሞ ይደነግጣል። እሱ ደንግጦ ሲጨርስ ለኔ የሚደርሰኝ ትራፊው ነው።»

እንዲያም ሆኖ አላመነችውም። ገመዱን እጀታው ውስጥ ከቋጠረች በኋላ ከእጀታው በታች፣ ከመጋዙ ሆድ ውጭ፣ ሌላ ቋጠሮ ትቋጥራለች። አንድ ቀን እጀታው ቢሰበር ሁለተኛው ቋጠሮ ቀዳዳው ላይ ይያዛል፣ ገመዱ ሆዱ ውስጥ ተውጦ አይጠፋም። በዚህ የተነሳ እጀታዋ እንደ ሌሎቹ ልክክ ብሎ አይቀመጥም፤ እንደ ፍየል ጆሮ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ቢኒያም «የፈሪ ቋጠሮ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙም ጸደቀ።

እኔንም ልታስተምረኝ ሞክራለች። «ነይ፣ አንድ ጊዜ ጎትቺ።» እየፈራሁ ቀረብኩ። «መጀመሪያ ቀስ ብለሽ ሳቢው፣ እስኪይዝሽ ድረስ። ያ ማለት ጠየቅሽው ማለት ነው። ሲይዝሽ ያን ጊዜ ቀጥ አድርገሽ ትጎትቻለሽ። እና ስሚኝ፣ ምንም ቢመጣ፣ ቤት ቢቃጠል፣ ገመድ እጅሽ ላይ አትጠምጥሚ።» እጀታውን ነካሁት። ትንሽ ሳብኩት። ከውስጥ ያዘኝ፤ እንደ ሰው እጅ ነው የያዘኝ! ለቅቄው እስከ ግቢው በር ሮጥኩ።

እትዬ ከድጃ መሬት እስክትቀመጥ ሳቀች።

«ጎሽ! ሸሸሽ። አሁን ተመለሺ።»

እግሬን እየጎተትኩ ተመለስኩ።

«በቃ፣ የዛሬ ትምህርት ይሄ ነበር» አለችና መጋዙን አጎበር አለበሰችው። «መሸሽ ነውር የለውም እቱ። አለመመለስ ነው ነውሩ።»

ከዚያ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

መጀመሪያ ብርጭቆዎቹ ናቸው የነገሩን፤ መደርደሪያው ላይ እርስ በርሳቸው ተንሾካሾኩ። ቀጥሎ በሩ ራሱን አንኳኳ። እማዬ «እግዚኦ!» ስትል እትዬ ከድጃ ከኋላ ቤት «ያረቢ!» ስትል፣ የሁለቱም ቤት ሰዎች ግቢው መሃል ተገናኘን። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሆነ። አንዳንዱ ቀላል ነው፣ አንዳንዱ ከእግር ተነስቶ ጥርስ ድረስ ይመጣል። ከቤት ወጥተን ላስቲክ ወጥረን መተኛት ጀመርን። የእኛ ግቢ ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ በኒሟ ሥር በኩልም ጣቴን የሚያስገባ ስንጥቅ መሬቱ ላይ ወጣ። ሰው ደግሞ ለካ ሁሉንም ይለምዳል! ቢኒያም ጎማ እየነፋ መሬቱ ሲነቃነቅ ቀና እንኳ አይልም ነበር።

እትዬ ከድጃ ግን አልለመደችም። ትንሽዋም ስትመጣ በባዶ እግሯ፣ መጋዟን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ ከሁላችንም ቀድማ ውጭ ናት።

«ሰው ልጁን ይዞ ይሮጣል፣ አንቺ መጋዝ ይዘሽ!» አላት ቢኒያም።

«ልጅ ቢኖረኝ ልጄን እይዝ ነበር» አለችው።

ከእነዚያ ሩጫዎች ባንዱ ተደናቀፈች። መጋዙ ድንጋይ ላይ ወድቆ ያ የሚያምር እጀታ ተሰነጠቀ። በናስትሮ ጠቀለለችው። ቀኑን ሙሉ ፊቷ ልክ አልነበረም።

ያ ቀን ቀትር ላይ ነው። እማዬ ትምህርት ቤት ናት። ሙቀቱ አልቻል ብሎኝ ኒሟ ሥር ያለችው የቆርቆሮ ሻወር ቤት ገብቼ በጣሳ ውሃ ላዬ ላይ አፈሳለሁ። ውሻ ጮኸ። ከዚያ መሬቱ እንደ ሌላው ጊዜ አልተንቀጠቀጠም፤ ወደ ጎን ሄደ። ቆሜበት የነበረው ቦታ ከሥሬ ሲንሸራተት ግድግዳውን ያዝኩ። ከላዬ አንድ ረጅም፣ አሮጌ በር ሲከፈት የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ኒሟ ናት። ከነሥሯ እየተነቀለች ነው።

ጨለመ።

ስነቃ እንዳልል ነቅቼ ነው የነበርኩት፤ ግን የሆነ ጊዜ ከመሃል ጠፍቷል። ተኝቼአለሁ። ቆርቆሮው ላዬ ላይ ታጥፏል። ግንዱ ከላይ ተጭኖታል፤ አንድ ቅርንጫፍ ቆርቆሮውን ቀዶ ገብቶ ቀኝ እግሬን ከመሬቱ ጋር አጣብቆታል። በሩ ባለበት በኩል እንጨት ብቻ ነው። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስስብ ቆርቆሮው ደረቴን ይነካዋል። ፎጣዬ እንኳ እንዴት ላዬ ላይ እንደተገኘ አላውቅም፤ እግዚአብሔር ይስጠው። «እማዬ!» አልኩ። ድምፄ ከአፌ ሳይርቅ ተመለሰብኝ።

«እቱ! አለሽ?» እትዬ ከድጃ ናት።

«አለሁ!»

«ፈራሽ?»

«ፈራሁ!»

«ጎሽ። እኔም በፍርሃት ልሞት ነው። ዝም እንዳትይ።»

የወንዶች እግር መጣ። የቢኒያም ድምፅ፣ የሁመድ ድምፅ፣ የማላውቃቸው። «ኧረ ያዙ! በሉ አንሱ!» ግንዱን ሊያነሱት ነው። ትንሽ ተነሳና ተንሸራተተ፤ ቆርቆሮው እየጮኸ ደረቴ ላይ ወረደ። እኔም ጮህኩ።

«ተዉ! ትጨፈልቋታላችሁ!» አለች እትዬ ከድጃ። «ዞር በሉ። ይቆረጣል።»

መጋዙ መሬት ሲቀመጥ ሰማሁ። «ቢስሚላህ።» ቀጥሎ ያለውን ቃል ከውጭ ያሉት አልሰሙት ይሆናል፤ እኔ ግን ሰምቼዋለሁ። ጎተተች። ሞተሩ አጉረመረመና ተወው። ደግማ ጎተተች፤ ቀጭ አለ።

«እጀታው ተሰበረ» አለ ቢኒያም። «ገመዱ ግን አልገባም። የፈሪ ቋጠሮሽ ያዘው። ስጪኝ! ጠምጥሜ እጎትተዋለሁ።»

«አትጠምጥም!»

«ልጅቷ እየሞተች እኮ ነው! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ግፊያ ሰማሁ። ነጠቃት። ሞተሩ ሳል አለ፤ ወዲያው የቢኒያም ጩኸት ግቢውን ሞላው። «እጄን! እጄን!» አይቼው የማላውቀውን መሀመድን ያን ጊዜ አየሁት።

አንዲት ጎረቤት «ከድጃ፣ ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ! ጎትቺው በቃ!» አለች። ሌላው «ጠምጥሚው!» አለ። እኔም፣ ቆርቆሮው ደረቴ ላይ ሆኖ፣ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ «እትዬ ከድጃ፣ ጠምጥሚው! ስለ እግዚአብሔር ጠምጥሚው!» አልኳት።

ወደ ቆርቆሮው ቀረበች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«አልጠመጥምም እቱ። እጄ ከሄደ ማን ይቆርጥልሻል?»

ከዚያ የእሷ ድምፅ ጠፋ። ጥላኝ ሄደች ብዬ አሰብኩ። ፈሪ ናት፤ ሁልጊዜም ነግራናለች፤ ደብቃን አታውቅም። የቢኒያም ማቃሰት ብቻ ይሰማኛል፤ የኒም ቅጠል መራራ ሽታ አፍንጫዬን ሞልቶታል።

«ሁመድ፣ መፋቂያህን አምጣ» አለች።

«ይሄን?»

«ከአፍህ ያለውን። ወፍራም ነው። በቢላህ መሃሉን ዙሪያውን ፋቀው፣ ገመዱን ሳስርበት እንዳይንሸራተት።»

ቢላ እንጨት ሲፍቅ ሰማሁ። ክርክር፣ ክርክር፣ ክርክር። በዓለም ላይ ያን ያህል ቀርፋፋ ድምፅ የለም። ቸኩሉ ልላቸው ፈልጌ ትንፋሽ አጣሁ።

«እቱ፣ ጭንቅላትሽ የት ጋ ነው?»

«እዚህ!»

«ድምፅሽ በሁሉም በኩል ነው የሚመጣው። የሚመታ ነገር አለሽ?»

ጣሳው ከጎኔ ነበር።

«ቆርቆሮውን ምቺ። ጭንቅላትሽ ያለበትን ብቻ። በቃ እስክልሽ እንዳታቆሚ። የምትመቺበትን አልነካም።»

መታሁ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከውጭ የሚቆረጠውን በከሰል ስታሰምር የከሰሉ ጭረት ከጆሮዬ አጠገብ አለፈ። ገመዱን ቀስ ብላ ስትስበው ሰማሁ፤ ጠየቀችው። ያዛት። ከዚያ ጎተተች።

ተነሳ።

ያን ድምፅ ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሸው ኖሬ ወደ እኔ ሲመጣ የምሸሽበት የለኝም። ቆርቆሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ ጥርሴ፣ ጣሳው፣ ዓይኔ። ሰጋቱራ እንደ ዝናብ ፊቴ ላይ ወረደ። ግንዱ ሲሰነጠቅ፣ ቀጭን የብርሃን መስመር ከእግሬ በላይ ተከፈተ። እመታለሁ። ኳ፣ ኳ።

በዚህ መሃል መሬቱ እንደገና ሄደ።

መጋዙ ጠፋ። «ውጡ! ግድግዳው!» ሰው ሁሉ ሮጠ። ከእግሮቹ ሁሉ መሃል የእሷን የፕላስቲክ ጫማ ለየሁት፤ ጠፍ ጠፍ እያለ እየራቀ ነው። እሷም ሸሸች! ግን እየሮጠች ትጮሃለች፦ «እመለሳለሁ እቱ! እመለሳለሁ!» ድምጿ ሲያንስ፣ ሲያንስ፣ አጥሩን አልፎ ጠፋ።

የፍርሃት ሁሉ ፍርሃት ያ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ልምምድ ነበር። ብቻዬን ነኝ፤ ግንዱ በግማሽ ተቆርጦ ላዬ ላይ ይወዛወዛል፤ ሥሬ ያለው መሬት እንደ ታመመ ሰው ይንቀጠቀጣል። ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ነው። ጣሳውን መምታት። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ለማን እንደምመታው ሳላውቅ መታሁ።

መሬቱ ገና በደንብ ሳይረጋ ጠፍ ጠፍ የሚል ጫማ መጣ። የአንድ ሰው ጫማ ብቻ፤ ሌላው ሰው ገና መንገድ ላይ ነው።

«መጣሁ። አላቆምሽም አይደል?»

«አላቆምኩም!»

«ጀግና ብሆን ኖሮ ቀርቼ ነበር» አለች፤ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። መፋቂያውን ያዘች፤ በአንድ ጉተታ ተነሳላት።

ግንዱ ለሁለት ሆኖ ወደ ጎን ሲወድቅ ፀሐይ ፊቴ ላይ ተደፋች። እነ ሁመድ ተመልሰው ቆርቆሮውን ገለበጡት። እትዬ ከድጃ ከነፎጣዬ አነሳችኝ። ሻሿ፣ ቅንድቧ፣ ከንፈሯ ሰጋቱራ ነው። «በይ አሁን አልቅሺ» አለችኝ። እሷ ቀድማኝ እያለቀሰች ነበር። እማዬ ከትምህርት ቤት እየሮጠች ስትደርስ ሁለታችንንም በአንድ ላይ ነው ያቀፈችን።

የእግሬ አጥንት ተሰንጥቆ ነበር፤ ዳነ። የቢኒያምን እጅ ወጌሻ በጊዜ ስለደረሰበት እንደ መሀመድ አልሆነም። እጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አንድ ጠዋት አጥሩ ጋ መጣ፤ አልተንጠላጠለም፣ ቆመ።

«እትዬ ከድጃ፣ አስተምሪኝ» አላት።

«ፈራህ?»

ወደ መሬት አየ። «ፈራሁ።»

«እጅህ ሲድን ና።»

ሁመድ መፋቂያውን መልሶ አልወሰደም፤ «ቤንዚን ቤንዚን ይላል» አለ። ወደ ሰመራ ስንዛወር እትዬ ከድጃ ከገመዱ ፈታችና መዳፌ ውስጥ አስቀመጠችው። እሷ በዚያ መሃል ሌላ ባለ ሞላ እጀታ አስመጥታ ነበር። «ያዢው። ፈሪ መሆንሽን እንዳትረሺ» አለችኝ።

ለቀብሯ አልደረስንም። ወሬውን በሰማን ቀን አመሻሹ ላይ እማዬ ቁምሣጥን ውስጥ ታጥፎ የኖረውን አጎበር አውጥታ ሰቀለችልኝ፤ ጠርዙን ፍራሹ ሥር ስትከትት እጇ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ቀረ።

በዚያው ሳምንት ሰመራ ውስጥ መሬቱ ተነቃነቀ። ቀላል ነበር፤ ግን እኔ ቀላልና ከባድ አላውቅም። ከወንበሬ መቼ እንደተነሳሁ ሳይታወቀኝ መንገድ ላይ ነኝ፣ ጎረቤቶቹም መንገድ ላይ ናቸው፣ ሁሉም «እናትሽስ?» ይለኛል። እማዬ ሻወር ቤት ናት። የእኛ የሰመራ ሻወር ቤትም ቆርቆሮ ነው።

መንገዱ መሃል ቆሜ እግሬ አልንቀሳቀስ አለ። ከዚያ እትዬ ከድጃ «አሁን ተመለሺ» ያለችበት ድምፅ ትዝ አለኝ፤ እንደ ቁጣ ሳይሆን እንደ ቀልድ። ተመለስኩ። ስገባ ከጠረጴዛዬ ላይ መፋቂያውን አነሳሁ፤ ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም። ቆርቆሮው ጋ ስደርስ ግን አወቅኩ።

«እማዬ!»

መልስ የለም። ውሃው ብቻ ይወርዳል።

በመፋቂያው ቆርቆሮውን መታሁት። «እማዬ፣ ጭንቅላትሽ የት ጋ ነው?»

ውሃው ቆመ። ውስጥ ያለችው እናቴ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከውጭ አይለይም። ከዚያ ከቆርቆሮው ማዶ፣ ልክ ከኔ ጭንቅላት ትይዩ፣ ቀስ ብሎ፣

ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ።